እንኳን ማርያም ማረችሽ ለእሷ፤ ለእኔስ?

ሰላም ቤተሰብ። ልጄ ከተወለደች 7 ሳምንት ሆናት። ጤነኛ ናት፣ እናቷም ደህና ናት፣ ተመስገን። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምለው ነገር ምስጋና ቢስ እንዳያስመስለኝ ነው።

ችግሩ እኔ ጋ ነው። ቤታችን ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሥራ ስመለስ 3ኛው እና 4ኛው ፎቅ መሀል ያለው የደረጃ መታጠፊያ ላይ እቀመጣለሁ። አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል። በአንድ እጄ ዳይፐር፣ በሌላው በፌስታል ዳቦ ይዤ ጨለማ ውስጥ ቁጭ። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ነበር። አሁን 40 ደቂቃ ደርሷል። ከላይ የልጄ ለቅሶ ይሰማኛል፣ የአማቴ ድምፅ ይሰማኛል፣ ጥየቃ የመጡ ሰዎች ቡና ላይ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። እግሬ ግን አልታዘዝ ይለኛል። ሰው ሲወርድ ከሰማሁ ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ የማወራ እመስላለሁ።

ስገባ ደግሞ ሌላ ሰው ነኝ። ባለፈው ሳምንት ጡጦው በደንብ አልታጠበም ብዬ ቤቱን በጩኸት አናወጥኩት። ጡጦ! ልጄን ሳቅፋት ደስታ እጠብቃለሁ፣ የሚመጣው ፍርሃት ነው። ሌሊት እሷ ተኝታ እኔ ትንፋሿን እቆጥራለሁ። ቀን ላይ ያለ ምክንያት ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

እስካሁን ቤታችን የገባው ጠያቂ ብዙ ነው። እንኳን ማርያም ማረችሽ ይሏታል። እሰይ፣ ይገባታል። ወደ እኔ ዞር ብለው እንኳን ደስ አለህ፣ እንግዲህ አሁን ኃላፊነት መጣ፣ ጠንከር በል። ከዚያ ወንበር አምጣ። አንተስ እንዴት ነህ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ይሄ ነገር እኔ ላይ ብቻ ነው? አባት የሆናችሁ እንዴት ተወጣችሁት?

*

ይህን ከለጠፍኩ 5 ቀን ሆነ። ክሩ (የመልሶቹ ተርታ) ስለረዘመና አዲስ የሚገቡ ሰዎች ያለቀውን ጥያቄ መልሰው ስለሚጠይቁ፣ የመድረኩ ኃላፊ መልሶቹን በአጭሩ ሰብስበህ ለጥፍ አለኝ። በአጭሩ አልቻልኩም። የማንንም ቃል አልገለብጥም፣ በራሴ አፍ ነው የማወራው፤ ቁጥራቸውን ግን ይዣለሁ። ያጣመምኩት ካለ አርሙኝ።

ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጀምሮ፣ ያልፋል፣ 40 ቀን ሲሞላ ሁሉም ይቀልላል ብሎ ጨረሰ። 7 ሳምንት ማለት 49 ቀን መሆኑን አላስተዋለም። ወዲያው ደግሞ አንዱ ገብቶ ልጁ ሴት ናት እኮ፣ ክርስትናዋ በ80 ነው ብሎ አረመው፤ 40 ደቂቃዬ ወደ 80 ሊያድግ ነው ማለት ነው። አልፈርድበትም። እኔም ሳልወልድ ለጓደኞቼ ይህንኑ ያልፋል ነበር የምላቸው።

ቁጥር 2 ሴት ናት፣ አልማረችኝም። የተሰፋችው እሷ፣ የደማችው እሷ፣ ጡቷ የቆሰለው እሷ፣ አንተ ደረጃ ላይ ተቀምጠህ ለራስህ ታለቅሳለህ ነው ነገሩ። ዳቦውን ይዘህ ግባና ልጅቷን ተቀበላት፣ የአንተ በሽታ መድኃኒቱ ሥራ ነው አለች። በ2 ሰዓት ውስጥ የእሷ መልስ ከእኔ ጥያቄ የበለጠ ላይክ ሰበሰበ። ቁጥር 3 ሳቅ ብቻ ነው። ያን ማታ ስልኬን አጥፍቼ ነው የገባሁት።

ጠዋት ስከፍተው ግን ቁጥር 4 ጠበቀኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነው። የተሰጠው ፈቃድ 3 ቀን። አንደኛው ቀን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ወረቀት ይዞ ከመስኮት ወደ መስኮት ሲል አለቀ። ሁለተኛው ሚስቱን ቤት ማድረስና ዕቃ መግዛት ነበር። ሦስተኛው ቀን እንግዳ ሲቀበል መሸ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ቢሮ ገብቶ ኬክ ቆረሰ፣ አጨበጨቡለት፣ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፍቶ አለቀሰ። ቧንቧውን የከፈተው ድምፁ እንዳይሰማ ነው። ይህን ከነገረን በኋላ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ብሎ ወጣ፣ ተመልሶም አልመጣም።

ቁጥር 5 የሕግ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ለሁሉም 3 ቀን አይደለም ብሎ አረመ። 3 ቀኑ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በ1156/2011 ያለው ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛን ይመለከት በነበረው በ1064/2010 ደግሞ 10 የሥራ ቀን ነበር። እናትየዋ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አላት። ቁጥር 6 ይህንን አንብቦ ተናደደ። የአዋጁ 3 ቀን ተከታታይ ነው የሚለው፣ የእኔ ልጅ የተወለደው ቅዳሜ ነው፣ መሥሪያ ቤቴ እሁድን ቆጠረብኝ አለ። አዋጁን ይዘህ ሂድና ተከራከራቸው ያለው ቁጥር 7 ነው። ቁጥር 6 እዚያው ስር መለሰለት፤ እኔ የኮንትራት ሠራተኛ ነኝ፣ ከተከራከርኩ ተከታታይ የሆነ ዕረፍት ነው የሚሰጡኝ ብሎ። ክሩ ላይ የሳቅሁት እዚህ ጋ ብቻ ነው። በ3 ቀን እኮ የዳይፐሩ ተለጣፊ በየት በኩል እንደሚያያዝ እንኳ አይለመድም።

ወሬው የተቀየረው ቁጥር 8 ላይ ነው። ሲስተር ናት፣ እናቶችና ሕፃናት ክፍል የቆየች። ቁጥር 2ን አልተቃወመችም፤ እናትየዋ ትቅደም አለች። ግን ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ አባትንም ይይዛል፣ ይህ የተጠና ነገር ነው አለች። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ፣ 43 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ 28 ሺህ ያህል ሰው የቆጠረ ሥራ ጠቅሳለች። በዚያ መሠረት ሚስታቸው ካረገዘች ጊዜ ጀምሮ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ከ10 አባቶች አንዱ ያህል ይነካል። ልጁ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከ4 አንድ ይጠጋል። ስለዚህ በ40ም በ80ም ቀን የሚያበቃ ነገር አይደለም አለች፤ ቁጥር 1ን በጨዋ ደንብ መቁረጧ ነበር። ቁጥሮቹ የውጭ አገር መሆናቸውንም አልደበቀችም።

ከዚያ እኔን ያስደነገጠኝን ጻፈች። ወንድ ላይ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ኀዘን አይመስልም። ቱግ ማለት ይመስላል። ሥራ ቦታ ማምሸት፣ መጠጥ ማብዛት፣ ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ ደረት አፈነኝ ማለት። ሰውየው ከፋኝ አይልም። ደከመኝ ነው የሚለው። ጡጦው ትዝ አለኝ።

እናቶችን ለመጠየቅ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ፣ በኤድንብራ ከተማ ስም የሚጠራ 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅ እንዳለም ነገረችን። በኋላ አባቶች ላይም ተሞክሯል። 9ኛው ጥያቄ ስለ ማልቀስ ነው፤ ወንዶች እዚያ ላይ አላለቀስኩም ብለው ዜሮ ስለሚሞሉ፣ ለአባቶች ምልክት የሚሆነው ነጥብ ዝቅ እንዲል ያደረጉ ተመራማሪዎች አሉ። (ቁጥር 4 ቧንቧውን ከፍቶ ያለቀሰው ቢጠየቅ ምን ይሞላ ይሆን?) 10ኛው ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ይጠይቃል። እዚያ ላይ መልሱ ዜሮ ካልሆነ ድምሩን አትጠብቁ፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ አለች። ሌላም ጨመረች፤ ሚስት ድባቴ ውስጥ ከሆነች ባልም የመያዝ ዕድሉ ስለሚጨምር፣ ራስህን ስትጠይቅ እሷንም ጠይቃት። እኔ 10ኛውን ዜሮ ነው የሞላሁት፣ ለጨነቃችሁ። የሌሎቹን ድምር ለሲስተሯ በውስጥ ላክሁላት፤ ሰው አነጋግር አለችኝ።

ቁጥር 9 ይህን ሁሉ አንብቦ አልተዋጠለትም። ዘንድሮ ሁሉም ነገር በሽታ ሆነ፣ አባቶቻችን ስምንት ልጅ ሲያሳድጉ መጠይቅ ማን ሞላላቸው፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል፣ ወንድ ልጅ በሆዱ ነው። ብዙ ሰው የሚያስበውን ነው የጻፈው፤ አባቴም ቢሆን ይህንኑ ይል ነበር።

የቁጥር 10 መልስ ግን እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። አባቶቻችንን ጠይቀሃቸው ታውቃለህ ብሎ ጀመረ። እሱ የገጠር ልጅ ነው፣ ከሰባት ልጆች አምስተኛው። አባቱ ካረፉ በኋላ እናቱን ስለ ልጅነቱ ሲጠይቃቸው አንድ ነገር ነገሩት። እሱ በተወለደ ሰሞን አባትየው ጎህ ሳይቀድ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክመው ይወጣሉ፣ ዓይን ሲይዝ ይመለሳሉ። ወሩ ጥር ነው። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፣ ለእርሻው ገና ነው። በዚያ ላይ በሬዎቹ በረት ውስጥ ናቸው። እናትየው አራስ ቤት ተኝተው በሬዎቹ ሲያመሰኩ እየሰሙ፣ ሰውየው ያለ በሬ ምን ሊያርስ ነው የሚሄደው እያሉ ያስቡ ነበር። አልጠየቋቸውም። አንድ ወር ያህል ቆይቶ ተወው። እናትየውም ቢሆኑ ይህን የተናገሩት እንደ ቀልድ ነው። ቁጥር 10 ግን እኔን ጠቅሶ፣ ያንተ ደረጃ የአባቴ እርሻ ነው ብሎ ጨረሰ። ቁጥር 9 መልስ አልሰጠም፣ ላይክ ግን አደረገው።

ከ11 እስከ 16 ያለውን አልፌው ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር። አንዱ እግረ መንገዱን የአራስ ገንፎ ለአባትየውም ይገባል ወይ ብሎ ጠየቀ፣ አለቀ። በገብስ ነው በስንዴ፣ ቅቤው መሀል ጉድጓድ ውስጥ ነው ወይስ ዙሪያውን፣ አብሽ ይገባል አይገባም። ከዚያ ወደ እልልታ ዞሩ። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት የሚባለው ለምንድን ነው ብላ አንዷ ጠየቀች፤ አንዱ ባህል ነው አለ፣ ሌላዋ የእኔን ልጅ ዕድሜ ሙሉ አራት እልልታ ከሰረቃችኋት በኋላ ባህል ትሉኛላችሁ አለች። መሰዳደብ ተጀመረና ኃላፊው ሁለት መልስ አጠፋ። ለመረጃ ያህል፣ ለልጄ አማቴ ሰባት ነው ያሉላት። ጎረቤት ተሳሳቱ ሲላቸው ቆጠራ አልችልም አሉ።

ቁጥር 17 ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሚስቱ በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። የአማቱ ቪዛ ሁለቴ ተከለከለ። አራሽ የለም፣ ጎረቤት የለም፣ በረዶ ነው። ገንፎውን ከዩቲዩብ እያየ አገነፋ፣ ጓጎለ፣ ሚስቱ ሳትናገር በላችለት፣ እሱ ኩሽና ቆሞ ሲያያት ቅስሙ ተሰበረ። እኔ ደግሞ ቤቱ ሰው ሞልቶ ነው የከፋኝ። እዚህ ላይ ትንሽ አፈርኩ፤ እሱ ግን እንዳታፍር፣ ብቻ መሆንና ሰው መሀል ብቻ መሆን ሁለቱም ያው ነው አለኝ። ሥራው ዋሽንግተን ዲሲ ሆቴል ውስጥ መኪና ማቆም ነው። ሜሪላንድ ስለሚኖር የዲሲ የወላጅ ፈቃድ አይመለከተኝም ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ገባ። ቁጥር 18 ይህን ሲያነብ ጮኸ። ሕጉ የሚያየው የምትሠራበትን እንጂ የምትተኛበትን አይደለም፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ለአዲስ ወላጅ እስከ 12 ሳምንት ክፍያ ያለው ፈቃድ አለ፣ ልጁ ዓመት ሳይሞላው መጠቀም ትችላለህ። በግሉ የሚሠራ፣ ታክሲም ሆነ ሌላ፣ ራሱ ካልተመዘገበ ግን አይመለከተውም። የፌዴራሉ 12 ሳምንት ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱ ደሞዝ የለውም። የ17 ልጅ 8 ወሩ ነው። ሁለቱ ስለ ቅጽ አሞላል እየተጠያየቁ ሄዱ፣ እኛን ረስተውን። በመሀል ቁጥር 18 ሁለት ነገር ጣል አድርጓል፤ አሜሪካ ያለ ሰው ጭንቀቱ ከከበደው በማንኛውም ሰዓት 988 ይደውል፣ ፖስትፓርተም ሰፖርት ኢንተርናሽናል የሚባለው ድርጅት ደግሞ አባቶች በኢንተርኔት የሚገናኙበት ቡድን አለው።

ቁጥር 19 ከስቶክሆልም ነው። እዚያ ለአንድ ልጅ 480 ቀን ለሁለቱ ወላጆች ይሰጣል፣ ከዚያ ውስጥ 90 ቀን ለእያንዳንዳቸው የተያዘ ነው፣ አባት ካልወሰደው ይቃጠላል። እሱ ስድስት ወር ወጣ። ጋሪ እየገፋ በሥራ ቀን ጠዋት መናፈሻ ለመናፈሻ ሲዞር፣ የአገሩ ልጆች ሞግዚቱ መጣ ይሉት ነበር። ልጁ 3 ወር ገደማ ሲሆነው የጤና ጣቢያዋ ነርስ አባትየውን ለብቻው ቀጠረችው። ልጁን ልትመዝን መስሎት ይዞት ሄደ። እሷ ግን ስለ እሱ ነበር የምትጠይቀው፤ ትተኛለህ ወይ፣ አባትህ እንዴት ያለ ሰው ነበር፣ ከማን ጋር ታወራለህ። ስለ አባቱ ሲጠየቅ መልስ አጣ። ከዚያ ጀምሮ እንጂ ከፈቃዱ ጀምሮ አይደለም የቀለለኝ ብሏል። ቁጥር 20 ለ3 ቀን ፈቃድ ለሚለምን ሰው 480 ቀን ማውራት ማፌዝ ነው ብሎ ወረደበት። ትንሽ እውነት አለው። ነገር ግን የነርሷ ጥያቄ ገንዘብ የሚፈልግ አይመስለኝም።

ከዚያ ቁጥር 21 መጣ። ሪያድ ሹፌር ነው። ሚስቱ ኮምቦልቻ ናት። ልጁ 14 ወር ሆኖታል፣ አቅፎት አያውቅም። ሲወለድ በጆሮው አዛን ማለት የአባት ወግ ነው፤ አጎቱ አለለት። እሱ በኢሞ ሊሰማ ሞክሮ ኔትወርኩ አላሁ አክበር ላይ ተቆረጠ። በሰባተኛው ቀን አቂቃው ታረደ፣ ሥጋው ተከፋፈለ፣ ፎቶው ተላከለት። አሁን ልጁ ስልኩን ሲያይ ባባ ይላል። ችግሩ ማንኛውንም ስልክ ሲያይ ባባ ይላል። ይህን ጽፎ፣ የእኔን ጥያቄ ጠቅሶ፣ በሩ ቅርብ ነው ወንድሜ፣ ስምንት ደረጃ ነው አለኝ። ከዚያ በኋላ ክሩ ላይ ለግማሽ ቀን ማንም አልጻፈም። እኔም ያን ማታ ደረጃው ላይ አልተቀመጥኩም። በማግስቱ ተቀመጥኩ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

ዝምታውን የሰበረችው ቁጥር 2 ናት፤ 22 ላይ ተመለሰች። ያለችውን አልሻረችም። የተሰፋችው አሁንም እሷ ናት አለች። ግን ስለ ሁለተኛ ልጇ አወራች። ባሏ ሚኒባስ ይነዳል። በዚያ ሰሞን ማታ ማታ መኪናውን ሰፈር ውስጥ አቁሞ አንድ ሰዓት ያህል አይገባም። እሷ ጠረጠረች። ውሽማ ይዟል ብላ ለእህቷ ነገረች፣ እህቷ ተከታትላ ሄደች፣ ያገኘችው መብራት አጥፍቶ የተሳፋሪ ወንበር ላይ የተጋደመ ሰው ነው። ብቻውን። ሬዲዮ እንኳ አልከፈተም። ቤት ሲገባ ሁለቱም ስለዚህ ነገር ትንፍሽ ሳይሉ ቀሩ፤ እሱ ያፍራል፣ እሷ ደግሞ ስለሰለለችው ታፍራለች። ለእኔ ያለችኝ ይህን ነው፦ ካልነገርካት ሚስትህ ባዶውን ቦታ በራሷ ትሞላዋለች፣ የምትሞላበት ነገር ደግሞ ካንተ እውነት የከፋ ነው። ለመጀመሪያው መልሷ ይቅርታ አልጠየቀችም። እንድትጠይቅም አልፈልግም።

ቁጥር 23 ጠበል ተጠመቅ፣ ለንስሐ አባትህ ንገር፣ ልብህ ይረጋል አለ፤ በቅንነት ነው የጻፈው፣ ልጄ እያለ። ቁጥር 24 ደግሞ የሲስተሯን ምክር ጠቅሶ፣ ሰውየው ለሚስቱ ጡጦ ቢያጥብ ይሻለዋል፣ ጨርቁን ሳይጥል አማኑኤል ልትከቱት ነው ብሎ ቀለደ። ሲስተሯ 25 ላይ ገባች። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ስትቆጣ አላየሁም። ጠበሉንም ሂድ፣ ንስሐ አባትህንም አናግር፣ ሕክምናውንም አትተው፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም አለች ለ23። ለ24 ግን፣ በአንተ ዓይነት ቀልድ የተነሳ ሰው ዘግይቶ እንደሚመጣ በዓይኔ አይቻለሁ አለችው። አማኑኤል ሆስፒታል ነው፣ ስድብ አይደለም። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም አሉ፣ በተመላላሽ አውርቶ የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው። 24 መልሱን አጠፋው፤ ለዚህ ነው አሁን ክሩ ላይ የማታገኙት።

ቁጥር 26 የተባለውን ያደረገ ሰው ነው። ለሚስቱ ጨጓራዬን ልታይ ነው ብሎ ካርድ አወጣ። ክኒን አሸክመው የሚያሰናብቱት መስሎት ነበር። ሐኪሟ ስንት ሰዓት ትተኛለህ ብላ ጀመረች፣ ሳያስበው 40 ደቂቃ ለፈለፈ። በሦስተኛው ቀጠሮ ሚስቱ ይሄ ጨጓራ መቼ ነው የሚድነው አለችው፤ ያኔ ነገራት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ባብዛኛው ሥራ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ለእኔ በጣም የጠቀመኝ ቁጥር 28 ነው። አማቱ ልጁን አያስነኩትም ነበር፤ ወንድ ልጅ አራስ አይነካም፣ አጥንቷ ለጋ ነው፣ ሂድ ውሃ አሙቅ። ከሕፃኑ ጋር ብቻውን ሆኖ ስለማያውቅ ልጁ የእሱ መስሎ አይታየውም። አንድ ቀን ለአማቱ፣ እማማ ማጠብ ያስተምሩኝ አላቸው። መከልከል አልቻሉም፣ ተማሪ ሆኖ መጥቷላ። ሳፋው ውስጥ ውሃው በክርን ይለካል፣ በእጅ አይደለም። ግራ እጅ ከአንገት ስር ገብቶ ብብቷ ላይ ይያዛል። የአንገቷ እጥፋት ውስጥ ወተት ስለሚቀር መጀመሪያ እሱ ይጠረጋል። ከዚያ ወዲህ የማታው እጥበት የእሱ ሆነ። ቁጥር 29 የሌሊቱን ከሚስቱ ጋር ለሁለት ከፈሉት፤ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት የእሱ ነው፣ የታለበ ወተት በጡጦ ይሰጣል፣ እሷ ሌላ ክፍል በሩን ዘግታ ትተኛለች። ቁጥር 30 ለጠያቂዎች ነው የተናገረው፤ አራስ ጥየቃ ስትሄዱ አባትየውን ለግማሽ ሰዓት ይዛችሁት ውጡ፣ ማኪያቶ ጋብዙት፣ ምክር አትስጡት። ቁጥር 31 ማኪያቶው ስንት እንደገባ ጠየቀ።

ቁጥር 32 ስለ እኔ ነው። ይህን ሁሉ ሰው አስለፈለፍክ፣ ለሚስትህ ነገርካት ወይ አለኝ። አልነገርኳትም ነበር።

ትናንት ማታ አማቴ እያዩኝ ልጄን አጠብኳት። ውሃውን በክርኔ ለካሁ። የአንገቷን እጥፋት ስጠርግ ኮራ ብላ አገጯን ቀና አደረገች፣ እንደ ፀጉር ቤት ደንበኛ። ስትተኛ ስልኬን ለሚስቴ ሰጠኋትና ከላይ ጀምረሽ አንብቢ አልኳት። ቁጥር 10 ላይ ዝም አለች። 22 ላይ ሳቀች። ለሐሙስ ቀጠሮ እንደያዝኩ ስነግራት አብሬህ ልምጣ ወይ አለች፣ መጀመሪያ ብቻዬን ልሂድ አልኳት።

ከዚያ ደረጃውን ታውቀው እንደነበር ነገረችኝ። የ3ኛ ፎቋ ጎረቤታችን ገና በሁለተኛው ሳምንት ነግራታለች። ሰውየው ይረፍበት ብላ ነው የተወችው፣ መጠየቅም ፈርታ ነበር። ጎረቤታችን ባትነግራትም ያው ነበር አለች፤ ዳቦ ቤቱ ግቢው በር ላይ ነው፣ ያንተ ዳቦ ግን ሁሌ ቀዝቅዞ ነው የሚመጣው።

ክሩ አሁን 41 ደርሷል። ከ33 ወዲህ ያለው በሙሉ ስለ ገንፎ ነው።